ያልተነካው ዘይት

ካህኑ ዮያሪብ አዲሱን ዘይት ወደ ትንሿ የድንጋይ ገንቦ ቀስ አድርጎ እያንቆረቆረ ነበር። ለመቅደስ መብራት የሚሄደውን ዘይት ሁልጊዜ ቀድቶ የሚያስረክበው ወይራ ጨማቂው ዛኩር ነበር። ዛሬ ግን የመጭመቂያው ግንድ ቀኝ አንጓውን እንደመታው ተናግሮ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ እንደሰበሰበ ከመጭመቂያው ቤት ደፍ ውጭ ቀረ።

ገንቦዋ ሳትሞላ የመንደሩ ሽማግሌ መሱላም እያለከለከ ደረሰ።

«አባ፣ ይድረሱ። ሔልዳይ አልተነሣም።»

ሔልዳይ የዛኩር ታናሽ ወንድም ነው። ከትናንት በስቲያ ሞተ ተብሎ ተገንዞ በዓለት መቃብር ተቀበረ። ድንቅ አድራጊ ነኝ የሚለው ባርቆስ ዛሬ ጠዋት እንደ ነቢያቱ ዘመን ከሞት እጠራዋለሁ ብሎ ሕዝቡን ሰበሰበ። ሦስት ጊዜ ጠራ። መልስ አልመጣም። ድንጋዩን ሲያንከባልሉት ሔልዳይ የእውነት ሞቶ፣ አጠገቡ ቂጣና የውሃ አቁማዳ ተገኘ። ሰው መጀመሪያ እግዚአብሔር ቀሰፈው ብሎ ተንቀጠቀጠ። ኋላ ግን አቁማዳው የሚስቱ የኖዓድያ መሆኑን ሲያይ፣ መርዛዋለች ብሎ ወደ ውድማው ጎተታት። አሁን ድንጋይ እየተሰበሰበ ነው።

«የእግዚአብሔር እጅ ነው» አለ ዛኩር ዝግ ብሎ።

ዮያሪብ ያልሞላችውን ገንቦ እንደያዘ ወጣ።

ካህን መቃብር አይገባም። ስለዚህ ርቆ ቆሞ መሱላምን አስገባና እየጠየቀ ያየውን አስነገረው። አቁማዳው እንደታሰረ ነው፤ አልተፈታም። የፊቱ ጨርቅ ሁለት ዙር ጠብቆ ታስሯል። ጥርሱ ላይ ደም አለ፤ ከንፈሩና ምላሱ ግን ደህና ናቸው። መሱላም ሲወጣ ከካህኑ ራቅ ብሎ ቆመ። በድን የነካ ሰው እስኪነጻ ድረስ የሚነካውን ሁሉ ያረክሳል።

ወደ ውድማው ሲወርዱ በኖዓድያ ቤት በር አለፉ። የቦካ ሊጥ ከትልቅ ገበታ ሞልቶ ይፈስሳል።

ባርቆስ እጁን ታስሮ ተቀምጧል። ማታለሉን አልካደም። ሔልዳይ ወደ መቃብሩ በሕይወት ነበር የገባው፤ ትናንት ሲመሽ ኖዓድያ በድንጋዩ ክፍተት ውሃና ቂጣ አቀብላዋለች።

«እኔ በሬሳ አልነግድም አባ» አለ። «ንግዴ በሕያው ነው።»

ኖዓድያ የፊቱን ጨርቅ እንዲተነፍስ አንድ ዙር ብቻ አላልታ እንዳሰረችው ተናገረች። ስለ ሊጡ ሲጠይቃት፣ «ሲመለስ እንግዳ ይበዛል ብዬ» አለች።

ድንጋይ የያዙት ሰዎች ከበው ይጠብቃሉ። ዛኩርም መጥቶ ከሁሉም ተነጥሎ ቆሟል።

«መርዝ አልገደለውም» አለ ዮያሪብ። «አቁማዳው አልተፈታም። የገደለው በላላው ጨርቅ ላይ የታሰረው ሁለተኛው ዙር ነው። ኖዓድያ መሞቱን ብታውቅ፣ ለማይመጣ ሰው ሊጥ አታቦካም። ባርቆስም ቢያውቅ ሕዝብ ሰብስቦ በገዛ እጁ አይዋረድም። ሁለቱም የሚጠብቁት ሕያው ሰው ነው። ዛሬ ማለዳ መሞቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ገዳዩ።»

ወደ ዛኩር ዞረ። «ቀብር ሄደህ ነበር?»

«የመቅደስ ዘይት እያወጣሁ እንዴት በድን እቀርባለሁ?»

«እንግዲያው ና፤ ደህናውን እጅህን እዚህ ዘይት ውስጥ ንከር።»

ዛኩር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ግንዱ የመታው እጅህን ነው» አለ ካህኑ። «በድን ካልነካህ፣ እግሮችህ ለምን ከደፉ ውጭ ቀሩ?»

ሁለት ሰዎች ዛኩርን ይዘው የእጁን ጨርቅ ፈቱ። አንጓው ላይ የጥርስ ረድፍ ታትሟል። በሔልዳይ ጥርስ ላይ የነበረው ደም ባለቤቱን አገኘ።

«ትናንት ተከተልኳት» አለ ዛኩር መሬት መሬት እያየ። «ድንጋዩን ታናግራለች። ወንድሜ ከውስጥ ይስቃል፤ በእግዚአብሔር ስም እያላገጠ ይስቃል። እሷ ስትሄድ ድንጋዩን ገፍቼ ገባሁ። መንደሩ አምላኩን እንዲፈራ ነው።»

«ባርቆስ የእግዚአብሔርን ምሕረት አስመሰለ» አለ ዮያሪብ። «አንተ ቁጣውን አስመሰልክ። አምላክ ሁለታችሁንም አልላከም።»

«ዘይቱ ግን ንጹሕ ነው» አለ ዛኩር እንደሚለምን። «አልነካሁትም አባ።»

ድንጋዮቹ አንድ በአንድ መሬት ላይ ወደቁ። ኖዓድያ በወደቁት መካከል አልፋ፣ ባሏን በእውነት ልትገንዝ ወደ መቃብሩ ወጣች።

ዮያሪብ ወደ መጭመቂያው ቤት ተመለሰ። ገንቦዋን እስከ አንገቷ ሞላ፣ አፏን በሰም ደፈነ። ከዚያ፣ ዘይቱ ንጹሕ ቢሆንም፣ ወደ መቅደስ ከሚጫኑት ገንቦዎች ለይቶ ጥግ አስቀመጣት።