ሦስት ሰዓት የቀደመው ደብዳቤ

ኦስማር ቪየራ በፔሎታስ ከተማ ወደብ ጀርባ፣ በአሮጌው የሩዝ መፈልፈያ ፎቅ ላይ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። የማቴ ሻይ የሚጠጣበት ቅል ከእጁ አጠገብ ቀዝቅዟል። የልብ መድኃኒቱ ጠርሙስ ባዶ ነው። ከፊቱ አንድ አዲስ ላፕቶፕ እንደበራ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ አጭር ደብዳቤ ይነበባል። «ደክሞኛል። ሰው ለማይፈልገው ነገር ዕድሜዬን ጨረስኩ። በማንም አትፍረዱ።»

ኢንስፔክተር ዣንዲራ ሊማ ስትደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሐኪሙ ሟቹ ያረፈው ከቀኑ ስድስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ መሆኑን ተናገረ። ከዚያ በላይ ማጥበብ አልቻለም።

«ደብዳቤው ራሱ ያጠብበዋል» አላት አብሯት የመጣው ፖሊስ። «የተጻፈው አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ እንደሆነ ላፕቶፑ መዝግቦታል። ሰውየው ራሱን አጥፍቷል፤ ነገሩ ያለቀ ነው።»

ዣንዲራ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች። የስክሪኑን ጥግ አየች፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ይላል። የእጅ ሰዓቷን አየች። ሁለቱንም ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ላፕቶፑን ራሷ አሸገችው፤ ምን እንዳለበት ለማንም እንዳይነገርም አዘዘች።

ኦስማርን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው አልነበረም። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰዎችን ኮምፒውተር እየተቀበለ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን፣ ኩባንያ የሠራውን ሲስተም ያወጣና ነፃውን ይጭንላቸዋል፤ ያንን በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሠሩትን፣ ማንም ከፍቶ ሊያየውና ሊያስተካክለው የሚችለውን። «የገዛኸው ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ እንዳታይ የሚከለክልህ ሰው፣ ዕቃውን አልሸጠልህም» ይል ነበር።

በማግስቱ ዣንዲራ በመጀመሪያ ኢራሴማን አነጋገረች። ኢራሴማ ብሩም የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህርት ናት፤ የኦስማር ተማሪ ነበረች፣ ኋላም የሥራ ጓደኛው ሆነች። አስከሬኑን ያገኘችውም እሷ ነች። አንዲት ጎረቤት አሥር ሰዓት ላይ በሩን ስታንኳኳ አይታታለች።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለቻት ዣንዲራ።

«አዎ፣ ጠዋት። ላፕቶፑ የኔ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ለመምህራን ካደላቸው ስድሳዎቹ አንዱ። ሁለት ሰዓት ላይ ይዤለት መጣሁ። ነፃውን ጫነልኝ፤ የኩባንያውን ግን አላጠፋም፣ ጎን ለጎን ተዋቸው። እኔ ሁሉም ይጥፋ አልኩ። 'ይሄኛው ይቆይ፣ እፈልገዋለሁ' አለኝ። ፈራህ እንዴ አልኩት። የሰጠኝን የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬለት ወጣሁ።» ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። «እሱን፣ ፈራህ አልኩት።»

«አሥር ሰዓት ላይስ?»

«ይቅርታ ልለው መጣሁ። በሩ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ ነው። አልከፈተልኝም፤ የተቀየመኝ መስሎኝ ሄድኩ። ኋላ አላስችል ሲለኝ ከዘበኛው ቁልፍ ለምኜ ተመለስኩ።»

«ሁለቱ ሲስተሞች ጎን ለጎን መሆናቸውን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ለእርስዎ ብቻ።»

«የኩባንያውን ሲስተም ለመክፈት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ኦስማር ያውቀው ነበር?»

«እሱም እኔም አናውቀውም። እኔ የምከፍተው በጣት አሻራዬ ነው፤ ቃሉን የሚያውቁት አቅራቢዎቹና የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ናቸው። ኦስማር በነፃው በኩል ገብቶ ነው የዚያኛውን ፋይል የሚያነበው።»

ክሌበር የላፕቶፖቹ አቅራቢ ወኪል ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሪዮ ግራንዴ ከተማ ላፕቶፕ ሲያስረክብ መዋሉን ነገራት፤ አርባ ሰው ፈርሞለታል። አሥር ሰዓት ላይ ግን ፔሎታስ ገብቶ ብቻውን መኪናው ውስጥ ነበር።

«ሽማግሌው ሥራዬን አበላሽቶብኛል፣ አልዋሽም» አላት። «አንዱን ላፕቶፕ በነካ ቁጥር አንድ ደንበኛ ይኮበልልብኛል። ግን እኔ ሰው አልገድልም፣ እትዬ።»

ዳይሬክተር አዳልቤርቶ ፋጉንዴስ ቢሮው ውስጥ ጥቁር ክራባት አድርጎ ተቀበላት። ከኦስማር ጋር ሠላሳ ዓመት አብረው ማቴ ጠጥተዋል።

«ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ስልክ ደውሎልዎት ነበር» አለችው።

«አዎ። ድምፁ ልክ አልነበረም። መሰናበቱ እንደሆነ አልገባኝም። እቤቴ ብቻዬን ምሳ በላሁ፤ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ስብሰባ መርቻለሁ።» ተነፈሰ። «ኦስማር ተለውጦ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ሁለቱን ሲስተም አንድ ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ መተዉ ራሱ ይነግርዎታል። የድሮው ኦስማር ግማሽ ሥራ የሚሠራ ሰው አልነበረም።»

ዣንዲራ እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች። «እርስዎ በደንብ ያውቁት ነበር» አለችና ተሰናበተችው።

በሦስተኛው ቀን ሦስቱንም የኦስማር ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ከደብዳቤው እንነሳ» አለች። «የተጻፈው በኩባንያው ሲስተም ነው፤ የተከፈተውም በጣት አሻራ ሳይሆን በይለፍ ቃል ነው። ኦስማር የይለፍ ቃሉን አያውቅም። ስለዚህ ደብዳቤውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ደብዳቤውን የጻፈው ደግሞ መድኃኒቱን ማቴው ውስጥ ጨምሯል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች እዚህ አሉ።»

ክሌበር ተቁነጠነጠ። «እኔ በአሥር ሰዓት ምስክር የለኝም። ግን እኔ አይደለሁም።»

«በአሥር ሰዓት ምስክር አያስፈልግህም» አለችው። «ላፕቶፕ ሆድ ውስጥ ባትሪ ያለው ትንሽ ሰዓት አለ። የኩባንያው ሲስተም ያ ሰዓት የፔሎታስን ሰዓት የሚቆጥር ይመስለዋል። ነፃው ግን በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት ይሞላዋል፤ እሱ ከእኛ ሦስት ሰዓት ይቀድማል። ለእኛ ሲያሳየን ሦስቱን ይቀንሳል። ኦስማር ያን ጠዋት ነፃውን ጭኖ ሰዓቱን አስተካከለ። ከዚያ በኋላ የኩባንያውን የከፈተ ሰው የሚያየው ሦስት ሰዓት የሮጠ ሰዓት ነው። ኢንተርኔት ቢኖር ይታረም ነበር፤ እዚህ መስመሩ ከተቋረጠ ሳምንት ሆኖታል። በአሥራ ሁለት ተኩል ስመጣ ስክሪኑ ሦስት ተኩል ይል የነበረው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ አሥር ሰዓት ከአሥር...» አለች ኢራሴማ።

«ሰባት ሰዓት ከአሥር ነው። አንቺ አሥር ሰዓት ላይ ስታንኳኪ ኦስማር አልተቀየመሽም፤ ሞቶ ነበር። ክሌበር በሰባት ሰዓት አርባ ሰው ፊት ሲያስፈርም ነበር። ዳይሬክተሩ ግን ብቻቸውን ምሳ እየበሉ ነበር።»

አዳልቤርቶ ፈገግ አለ። «በሰዓት ልትከሱኝ ነው? ዳኛ ፊት ይሄን ተረት ማን ይሰማዎታል?»

«ሁለቱ ሲስተሞች ጎን ለጎን መሆናቸውን ኢራሴማ ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ። ላፕቶፑን ያሸግኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ያበራ ሰው ብቻ፣ 'የትኛውን ልክፈት' ብሎ ሲጠይቀው አይቷል። እርስዎ ቢሮዎ ውስጥ ሆነው ነገሩኝ።»

ዳይሬክተሩ ዓይኑን ከላፕቶፑ ላይ አነሳ።

«ያን ቀን ከኩባንያው ሲስተም ያጠፉትን ፋይልም አግኝተነዋል» አለች ዣንዲራ። «የኩባንያው ሲስተም ነፃውን ማየት አይችልም፤ ነፃው ግን ያኛውን ያያል። ኦስማር ሁሉንም ወደዚህኛው ወገን ገልብጦት ነበር። ኢራሴማ፣ ንገሪያቸው።»

ኢራሴማ ቆመች። ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «በስድሳዎቹም ላፕቶፖች ውስጥ የምንናገረውን የሚቀዳ ፕሮግራም ነበር። በመምህራን ክፍል፣ በየቤታችን። ስለ ሥራ ማቆም አድማ ያወራነው ሁሉ በየቀኑ በእርስዎ ስም ተከፍቶ ተሰምቷል። እኔ ልጄን ሳስተኛ ያወራሁት ሳይቀር።»

«እኔ የማላውቀው ነው» አለ ክሌበር ፊቱ ነጥቶ። «የጨመሩት እሳቸው ናቸው።»

«ትምህርት ቤቱን ላድን ብዬ ነው» አለ አዳልቤርቶ በመጨረሻ። «ሥራ ብታቆሙ ይዘጉት ነበር። ኦስማር ደወለልኝ። 'እስከ ማታ ለመምህራኑ ራስህ ንገር፤ ካልነገርክ እኔ እነግራለሁ' አለኝ። መጥቼ ለመንኩት። ማቴ ቀዳልኝ፣ ሐሳቡን ግን አልቀየረም።»

«ትምህርት ቤቱ እኛ አይደለንም እንዴ?» አለችው ኢራሴማ።

አዳልቤርቶ ተነሳ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ደረጃውን ሲያወርደው፣ ኢራሴማ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ዣንዲራ ጎኗ ቁጭ አለች፤ እስኪበቃት ድረስ አብራት ቆየች።

ቅዳሜ ጠዋት ሃምሳ ዘጠኝ መምህራን ላፕቶፓቸውን ታቅፈው የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰለፉ። ኢራሴማ ከመመገቢያ አዳራሹ አራት ጠረጴዛ አስወጥታ፣ አንድ በአንድ እየተቀበለች የኩባንያውን ሲስተም ታጠፋለች፤ ነፃውን ትጭናለች። ለማስረጃ የሚፈለገው የእሷ ላፕቶፕ ፖሊስ ጋ ነው፤ ከቀሩት አንዱም ላይ የኩባንያው ሲስተም እንዳይተርፍ መምህራኑ ድምፅ ሰጥተው ወስነዋል።

ከአቅራቢው ድርጅት የተላከ አንድ ጠበቃ ወረቀት ይዞ መጣ። «አስጠነቅቃለሁ» አለ ሰልፉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ከዚህ በኋላ ዋስትና የላችሁም። ቢበላሽ ማንም አይጠግንላችሁም።»

ስድሳ ዓመት የሞላት የሙዚቃ መምህርት ከሰልፉ መሀል «እኛው እንማራለን፣ ልጄ» አለችው።

ኢራሴማ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው፤ አጣጥፋ መለሰችለት። «እዚህ የምንሠራውን ቁጭ ብለህ ማየት ትችላለህ» አለችው፣ «የሚደበቅ ነገር የለውም።» ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረች።

«ቀጣይ።»