የተሰረዘው ጥያቄ

«ስምንቱም ላይ ሞክረናል፣ ቲቸር!» አለ ኮሚቴ ደረቱን ነፍቶ።

ሽቦ ክው አለች። የሞከሩት አንዱ ላይ ብቻ ነው።

ኮሚቴ ቅጽል ስሙ ነው፤ ማንም ሳይመርጠው ለሁሉም ሰው መልስ ስለሚሰጥ የወጣለት። እሷን ደግሞ ቀጭን ስለሆነችና ገመድ ከእጇ ስለማይጠፋ ሽቦ ይሏታል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው።

የኮምፒውተር ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ርዕሰ መምህሩ ሳይቀሩ መጥተዋል። ግድግዳው ሥር ስምንት አሮጌ ሰርቨሮች ተደርድረዋል፤ ሰባቱ አንድ መሥሪያ ቤት አርጅተዋል ብሎ የሰጣቸው ባዶዎች፣ ስምንተኛው ዛሬ ጠዋት ከቤተ መጻሕፍቱ የመጣ ነው። በየተራ ፍላሽ እየሰኩ መልፋት ቀርቶ፣ ሁሉም ኦፕሬቲንግ ሲስተማቸውን ከመምህሩ ኮምፒውተር በኔትወርክ እየሳቡ ራሳቸው ላይ ሊጭኑ ነው።

ይህን ያስቻለችው ሽቦ ነች። መጫኛው ፕሮግራም የእነዚህን ሽማግሌዎች የኔትወርክ ካርድ ስለማያውቅ መንገድ ላይ ይቆም ነበር። ሦስት ሳምንት ታግላ የጎደለውን ፋይል አግኝታ ጨመረችለት። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት! እጇን በላትና አንድ ጥያቄ ሰረዘች፤ «ይህ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ልቀጥል?» የሚለውን። በየማሽኑ ፊት ቆሞ ቁልፍ መጫን ሰልችቷት ነበር። በምትኩ ፕሮግራሙ ከየማሽኑ ሁለት ዲስኮች የመጀመሪያውን፣ የላይኛው ነው ብላ፣ ያለ ጥያቄ እንዲወስድ አዘዘችው።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ የሞከሩበትን ማሽን ስትፈትሽ ግን የተጻፈበት የላይኛው ዲስክ ሳይሆን የታችኛው ሆኖ አገኘችው። እነዚህ አሮጌዎች ዲስካቸውን የሚቆጥሩት ከታች ወደ ላይ ነው።

«አታካብጂ ባክሽ፣ ሠርቷል አይደል?» ነበር የኮሚቴ መልስ።

እሷም ለቲቸር ሳትነግር ቀረች። ቲቸር ሰው ፊት ያሞገሷት ትናንት ነበር፤ ሙገሳው ገና አፏ ውስጥ ይጣፍጣል።

«ድምፆቼ አይነኩም አይደል?» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል ተሰማ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ እትዬ ናቸው። ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች መማሪያ መጻሕፍቱን አራት ዓመት ሙሉ እያነበቡ ቀድተዋል። ሌላ ቅጂ የለውም። ያለው በስምንተኛው ሰርቨር የታችኛው ዲስክ ላይ ነው።

«ሐሳብ አይግባዎት፣ እትዬ!» አለ ኮሚቴ።

ቲቸር አንደኛውን አበሩ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ማራገቢያዎቹ አንድ ላይ መጮህ ጀመሩ። አምስት። ስድስት። ኮሚቴ በክርኑ ጎሰም አደረጋትና «ዋ!» አላት በሹክሹክታ። ሰባት።

የቲቸር ጣት ወደ ስምንተኛው ሲሄድ ሽቦ በሁለት ሰው መሀል ሾልካ የኔትወርኩን ገመድ ከጀርባው ነቀለችው።

«አንቺ ልጅ! ምን ነካሽ?»

«አልሞከርንም፣ ቲቸር።» ገመዱን እንደያዘች ቀጠለች። «አንዱ ላይ ብቻ ነው የሞከርነው። እሱም ላይ የታችኛውን ዲስክ ነው ያጠፋው። ጥያቄውን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ቢበራ ኖሮ የእትዬ ድምፆች በሙሉ ይጠፉ ነበር።»

ኮሚቴ ጫማውን ማየት ጀመረ። ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። እትዬ በሩን ደገፍ አሉ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉ ቲቸር መነጽራቸውን አውልቀው።

«ምሳ ሰዓት ላይ።»

«አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር፤ እፍረቱ እስከ ጆሮዋ አቃጠላት። ቲቸር ከኮምፒውተራቸው ፊት ያለውን ወንበር ሳብ አድርገው «ተቀመጪ፤ አስተካክዪው» አሏት።

ክፍሉ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ፤ እትዬ ግን ከበሩ አልሄዱም። ሽቦ የሰረዘችውን ጥያቄ መለሰች፤ ከጥያቄው በፊትም እያንዳንዱ ዲስክ የትኛው እንደሆነና ምን እንዳለበት እንዲያሳይ ጨመረችበት። ኮሚቴ ገመዱን አንሥቶ ስምንተኛው ላይ መልሶ ሰካው። አበሩት። ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጠቁሮ ቆየና ጻፈ፦

«የታችኛው ዲስክ፦ የድምፅ ፋይሎች አሉበት። ይጥፋ?»

«አይጥፋ በይዋ» አለ ኮሚቴ ቀስ ብሎ። «መልሱን ታውቂው የለ?»

ታውቀዋለች። ጣቷም ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ እጇን አነሣች፤ ከወንበሩ ተነሥታ ወደ በሩ ዞረች።

«እትዬ» አለች፣ «ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ። ይሄን እርስዎ ይመልሱት።»