ሰባት ስም በሰሌዳ ላይ

የእንግሊዝኛ መምህሩ ኢዶሳ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው በ1970 ዓ.ም. ኅዳር፣ የጭላሎ ብርድ አሰላን ጠፍንጎ በያዘበት ጠዋት ነበር። ማጅራቱን በከባድ ነገር ተመትቷል። ያገኘችው የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ የሺሃረግ ናት፤ ባልዲዋ ደጃፉ ላይ እንደተደፋ ነው።

የፖሊስ አስር አለቃዋ ወርቅቱ ከሬሳው ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች። ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። እሷ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው።

«ምን ይላል?» አለች።

ዳይሬክተሩ ገብረወልድ መነጽሩን ገፋ አደረገ። «ላንቺ ምን ይጠቅምሻል?»

«ለሟቹ ይጠቅመው ይሆናል። ያንብቡልኝ።»

«እኛ ለበጉም ለከብቱም መንጋ ብለን እንገላገላለን። እንግሊዞች ለየብቻው ስም አላቸው። ኸርድ የከብት፣ ፍሎክ የበግ፣ ስዋርም የንብ፣ ፓክ የተኩላ። ይህ የታችኛው ግን...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባንድ ኦፍ ሬብልስ ይላል። የአማፂዎች ቡድን ማለት ነው።»

ከሥሩ ሰባት ስም ተደርድሯል። ገብረወልድ አንድ በአንድ ጠራቸው። ሰባቱም ኢዶሳ ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንግሊዝኛ የሚያስጠናቸው ልጆች ናቸው። አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ የሺሃረግ ግድግዳውን ያዘች። አጸደ ልጇ ናት።

ሳምንቱን ሙሉ መንግሥትን የሚቃወም ወረቀት በየሰዉ በር ሥር ሲገባ ሰንብቷል። ካድሬው ጓድ ኃይለመስቀል ሰሌዳውን ካየ በኋላ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ልጆቹን አስለቅሞ ቀበሌ አዳራሽ ዘጋባቸው።

«ሊያጋልጣቸው ሲጽፍ ገደሉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላንድሮቨር ይመጣል» አለ።

በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው አሰላ አታውቅም።

ወርቅቱ ዘበኛውን ጠራች። ቱሳ ሽማግሌ ነው፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል።

«ልጆቹ ትናንት አስር ሰዓት ላይ ወጡ፣ አዴ ወርቅቱ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ሲመለሱ አላየሁም።»

«ከበሩ ተነሥተው ነበር?»

«ለፈረሴ ሣር ልሰጥ። ቶሎ ተመለስኩ ብልሽ ፈረሴ ራሱ አይመሰክርልኝም፤ ቆይቻለሁ።»

ቀጥሎ የጂኦግራፊ መምህሩ ባጫ መጣ። ከኢዶሳ ጋር መኳረፋቸውን ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በሳል። ክፍላችን ጎን ለጎን ነው። ጥቂት የጠመኔ ብናኝ እንኳ ደረቱን ይዘጋዋል፤ በሳሉ የተነሣ እኔ ማስተማር አልችልም። ሐኪም ቤት ሂድ ብለው ተቆጣኝ።»

«ትናንት ልጆቹ ከወጡ በኋላ የት ነበሩ?»

«በቆጂ መንገድ ላይ አውቶቡስ ስገፋ። ሠላሳ ሰው አብሮኝ ገፍቷል። ይቅርታ፣ ሃያ ዘጠኝ፤ ቄሱ ሲባርኩን ነበር።»

ወርቅቱ ሳታስበው ፈገግ አለች። ወዲያው ወደ ገብረወልድ ዞረች።

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቴ ስሄድ ኢዶሳን በመስኮት አየሁት» አለ። «ስማቸውን እየጻፈ ነበር፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ልጆቹም በጓሮ ሲገቡ አይቻለሁ።»

ሬሳው ዘንድ ተመልሳ ተንበረከከች። የሟቹ እጅጌ ጫፍ ላይ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ቀለም አለ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ የሺሃረግ?»

«የወረቀት ማባዣ ማሽኑ ቀለም ነው። በእንዶድም አይለቅም። ግን የማሽኑ ክፍል ቁልፍ ከዳይሬክተሩ ኪስ ወጥቶ አያውቅም።»

ወርቅቱ ስትነሣ ትከሻዋ የሰሌዳውን ግርጌ ነካ። ሰማያዊ ካፖርቷ ነጭ ሆነ። ደረቅ ጣቷን ወደ ላይኛው መስመር ሰደደችና ፈተገችው። ጣቷ ምንም አልያዘም። የተደፋውን ባልዲ አየች።

«ሰሌዳ ለማጥፋት ውሃ ምን ያደርግልሻል?»

የሺሃረግ የነገረቻትን ሰምታ ሁሉንም አስጠራች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሬሳው ተነሥቶ ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ቆሙ። ወርቅቱ ለየሺሃረግ ደረቅ ጨርቅ ሰጠቻት።

«ከላይ ጀምረሽ አጥፊ።»

የሺሃረግ ፈተገች። ከብቱም፣ በጉም፣ ንቡም፣ ተኩላውም ካሉበት አልተነቃነቁም።

«አሁን ከታች።»

አንድ ጊዜ ብታሳልፍበት አማፂዎቹም ሰባቱ ስሞችም አቧራ ሆነው ወረዱ።

«ሟቹ ብናኝ ስለሚያፍነው ጠመኔውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ነው የሚጽፈው» አለች ወርቅቱ። «እርጥብ ጠመኔ ከደረቀ በኋላ ያለ ውሃ አይጠፋም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ስነታረከው ኖርኩ» አለች የሺሃረግ እንባዋ እየወረደ።

«ውሃው አልቆበት ይሆናል!» አለ ገብረወልድ።

ወርቅቱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጣሳ አንሥታ አሳየችው። እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ሦስት ጠመኔ ተነክሮበታል።

«እርስዎ ከመጡ ሦስት ወርዎ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ክፍል ገብተው አላስተማሩም። ይህን አላወቁም። ታችኛውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ታዲያ ኢዶሳ ያልጻፈውን ሲጽፍ እንዴት አዩት?»

ገብረወልድ እጁን ኪሱ ላይ ጫነ።

«የሟቹ እጅጌ ላይ የማባዣው ቀለም አለ። ኢዶሳ ያ በየበሩ የገባው ወረቀት የሚባዛበትን አገኘ። ቁልፉ ደግሞ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ጓድ፣ ክፍሉን ያስከፍቱ።»

ከመደርደሪያው ጀርባ ወረቀቱ የተተየበበት ስቴንስል ተገኘ። የማሽኑ የብረት መዘውር ታጥቦ ነበር፤ መጋጠሚያው ላይ ግን ፀጉር ቀርቷል።

«ወረቀቱ በልጆቹ ላይ ሳይላከክ እውነቱን ተናግረን እናድናቸው አለኝ» አለ ገብረወልድ። «እኔንስ? እኔን ማን ሊያድን ነው?»

የላንድሮቨሩ ድምፅ ከግቢው ተሰማ። ገብረወልድን ጫኑት። ካድሬው ግን መኪናውን ልጆቹ ወደተዘጋባቸው አዳራሽ በር አስነዳ።

«ሰባት ብዬ ፈርሜአለሁ» አለ። «አንድ ይዤ ልሂድ?»

ወርቅቱ ተከትላው በሩ መሐል ቆመች። «ከጎደለብህ እኔን ቁጠር።»

ሾፌሩ እንኳ ሞተሩን አጠፋ። ኃይለመስቀል ከኪሱ ማስታወሻ ደብተር አወጣ።

«ልጆቹን ፍቱ» አለ ቀና ሳይል። «ወርቅቱ ማን?»

«ወርቅቱ ቦሩ። አጥርተህ ጻፈው።»

አጥርቶ ጻፈው። በጠመኔ ሳይሆን በእስክሪብቶ ነበር የጻፈው።