ያልተነካው እጅ

ጋሽ ሰብሃት ቦንጋ በሚገኘው ቤታቸው በትራስ ታፍነው ተገኙ። ዘመኑ 1998 ነው። የከተማው ሰው ሬሳው ሳይገነዝ ፈረደ፤ ገዳይዋ ሚስታቸው ናቸው አለ። እትዬ ዘነበችም በካቴና ታሰሩ።

ያሳሰራቸው የጤና ረዳቱ የአባተ ቃል ነው። ታማሚውን ጋሽ ሰብሃትን ዘወትር የምትከታተለው ሲስተር ህይወት ዋጫ ከተማ ለቅሶ ስለሄደች ተክቷት በአራት ሰዓት መጣ። እትዬ ዘነበች እሱን አምነው ገበያ ወጡ፤ አምስት ሰዓት ላይ ሲመለሱ «ተኝተዋል፣ አይቀስቅሷቸው» ብሏቸው ሄደ። በሰባት ሰዓት ሞተው አገኟቸው።

«ስወጣ ደህና ነበሩ» አለ አባተ። «ትርታቸውን ቆጥሬያለሁ፤ ሰባ ሁለት።»

ኢንስፔክተር ብርቄ ሰውን ማስደገም ትወዳለች። «በየትኛው እጅ?»

«በግራ አንጓቸው፣ በአውራ ጣት በኩል። ቀኙ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር።»

ጽፋ አስፈረመችውና ሬሳውን ልታይ ገባች። በግራ ክንዱ ላይ ከክርን እስከ አንጓ የሚወርድ ጠባሳ አለ። ሟቹ የልብ በሽተኛ መባልን ስለሚጠሉ፣ ለጠየቃቸው ሁሉ የገጀራ ነው ይሉ ነበር። እትዬ ዘነበች ግን እውነቱን ነገሯት። አባተን በተመለከተም፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሁሉን ጨብጦ ባላቸውን ይዘል እንደነበር፣ ያን ቀን ሲመጣ ይቅር ያለ እንደመሰላቸው አጫወቷት።

በማግስቱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ጋሽ ሰብሃት ውጭ አገር የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል» አለች። «የልባቸው ደም ቅዳ ስለተዘጋ፣ ከግራ ክንዳቸው ሌላ ደም ቅዳ ወስደው የተዘጋውን አልፎ ደም እንዲያደርስ ሰፉላቸው። እጃቸው በትንሿ ጣት በኩል ባለው ሌላ ስር ይኖር ነበር። በአውራ ጣት በኩልስ፣ ሲስተር?»

«ምንም አይመታም» አለች ህይወት። «ሁሌ በቀኝ ነው የምቆጥረው። ለአባተ አልነገርኩትም፤ አንዴ ከነካው ያውቀዋል ብዬ።»

«አልነካቸውም። የሌለ ትርታ የቆጠረው፣ በአምስት ሰዓት በሕይወት ነበሩ ለማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቤት የነበሩት እትዬ ዘነበች ብቻ ናቸዋ። ለምን፣ ጋሽ አባተ?»

አባተ አልካደም። በደርግ ጊዜ ወንድሙን አስፋውን ለገዳዮች አሳልፈው የሰጡት የያኔው የቀበሌ ሊቀመንበር ጋሽ ሰብሃት ነበሩ።

«ያን እጅ ላልነካ ምያለሁ» አለ። «ሃያ ስምንት ዓመት አልነካሁም። ስገድለውም የያዝኩት ትራሱን ነው።»

«መሐላዎ ነው ያስያዘዎት» አለች ብርቄ፤ የእትዬ ዘነበችንም ካቴና ፈታች።

አሮጊቷ የቀላ አንጓቸውን እያሹ አባተ ፊት ቆሙ። «ወንድምህን ያስበላው ባሌ ነው። እኔ ምን አድርጌህ ነበር?»

አባተ እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ።

«አጥብቂለት» አሉ እትዬ ዘነበች።