በኪስ የተደበቀው ፊውዝ

ጂሩ ፊውዟን የነቀላት ሌሎቹ ፍራሹን ከኋላ ሲጭኑ ነበር። የጫማውን ማሰሪያ የሚያጠብቅ መስሎ ከመሪው ሥር ጎንበስ አለና ጥፍር የማታክለውን ፕላስቲክ መዝዞ ኪሱ ከተታት። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ዝናብ ሳይቀድመን እንውጣ እያለ ሰዉን ያጣድፍ ጀመር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው።

ጉዞው ቀልድ አልነበረም። ከነቀምት፣ ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር ተነስተው ወደ አንገር ቆላ የሚወርዱት የሚስቱን የናኦሚን አባት ሊያመጡ ነው። አባ ጉሉማ በጠዋት ቀፎ ሊሰቅሉ ዋንዛ ላይ ወጥተው ወደቁ። ጭናቸው ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳቸውን በስቷል። ሊያመጣቸው የወጣው አምቡላንስ ዋልካው ውስጥ ሰጥሞ ቀርቷል። የመንደሩ ጤና ሠራተኛ ቁስሉን በጨርቅ አስራ፣ ዛሬ ሆስፒታል ካልደረሱ እግሩ ይቅርና እሳቸውም አይተርፉም ብላ ደውላለች።

ታዲያ አማቱ እየደሙ የገዛ መኪናውን የሚያሰናክል ምን ዓይነት ሰው ነው ትሉ ይሆናል። ቀናተኛ ሰው ነዋ!

ናኦሚ የመኪና ኤሌክትሪክ ተምራ ሕሩይ የሚባል፣ አባቱ ከጎጃም የመጡ ወጣት ጋራዥ ውስጥ ትሠራለች። ሕሩይ ረጋ ያለ፣ በሥራው ሰዓት መዝሙር የሚያንጎራጉር፣ እጁ የተባረከ ልጅ ነው። ከነዚህ ሁሉ አንዱም ለጂሩ አይዋጥለትም።

የጂሩ ፒካፕ የፊት ጎማዎቹን የሚነዳው ዘንግ ተሰብሮ ከወለቀ ቆይቷል። የሚገፋት የኋላው ብቻ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ ጭቃ ከገባ እሱ በከንቱ ይሽከረከራል፤ ደረቅ የረገጠው ጓደኛው ዝም ብሎ ይቆማል። ሁለቱን አስሮ እኩል የሚያዞር፣ ሎክ የሚባል መቆለፊያ በኋላው ዘንግ መሃል፣ ዲፈረንሻሉ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ትንሿ የመቆጣጠሪያ ሳጥን የፊቱ ማርሽ ካልገባ አልፈቅድም ስለምትል፣ ሎኩ ለዓመታት ተኝቶ ኖሯል። ይህን ያወቀችው ናኦሚ ናት። ከሕሩይ ጋር ሆነው ሳጥኗን ዘለሉና ኤሌክትሪኩን ከመሪው ሥር ባለች አንዲት ፊውዝ አሳልፈው በቀጥታ ወደ ሎኩ ሞተር ወሰዱት። ከማርሹ አጠገብ አንድ ማብሪያ፣ ከማብሪያው በላይ ደግሞ ሎኩ ሲታሰር የሚበራ ቀይ አምፖል ተከሉ። ማብሪያውን ተጭነህ ከኋላ «ቀጭ» ሲል ወዲያው ትለቃለህ፤ አለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል። ድሮ መኪናው ሲፈጥን ሳጥኗ ራሷ ሎኩን ትፈታው ነበር፤ አሁን ግን ማብሪያውን ወደ ሌላው ጎን ተጭኖ የሚፈታው ሰው ነው።

ያን ሰሞን ጂሩ በምሳ ሰዓት ጋራዡ ብቅ ሲል ከመኪናው ሥር አራት እግር ወጥቶ አየ። ሁለቱ የሚስቱ ናቸው። ከሥር ሳቅ ተሰማ። ምን እንዳሳቃቸው ሳይጠይቅ ተመለሰ፤ ምሳም አልበላ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ ማብሪያ ዓይኑ ውስጥ የገባች ጉድፍ ሆነችበት። አሁን ደግሞ ሕሩይ፣ ሥራው ገና አልተሞከረምና አብሬያችሁ ልሂድ አለ። ጂሩ አያስፈልግም ሲል ናኦሚ ና አለችው። ፊውዟ የተነቀለችው ያኔ ነው። ጂሩ ያሰበው፣ በራሱ ችሎታ ነድቶ ሚስቱን ሊያደርሳትና የሕሩይ ማብሪያ ሲከሽፍ ሊያሳያት ነው። ክፉ ከመጣ መልሶ ይሰካታል። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚባለውን ዘንግቶታል።

የኡኬን ከተማ አልፈው አስፋልቱን ሲለቁ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ሜዳውን ከለለው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሳር ከግራና ከቀኝ ተኝቶ መንገዱን ዋጠው። ዋልካው ጎማውን ይይዛል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል። ቁልቁለቱ ላይ ፒካፕዋ ጎኗን ሰጥታ ወደ ገደሉ ተንሸራተተች። ጂሩ ፍሬን አልነካም። መሪውን ወደ ተንሸራተተችበት ሰጥቶ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ ጥርሱን ነክሶ አቀናት። ከዚያ ሚስቱ አይታው እንደሆነ በጎን ሰረቅ አድርጎ ተመለከተ። መሃል የተቀመጠችው ናኦሚ የእጅ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ነበር። ያመሰገነው ሕሩይ ነው።

«ጋሼ ጂሩ፣ እጅህ ይባረክ!»

ከስድብ የከፋ ምስጋና አለ።

ወደ አንገር የሚፈሰው ገባር ወንዝ ጋ ሲደርሱ ውሃው ደፍርሶ ነበር፤ ግን ያን ያህል አልሞላም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ጂሩ ገባበት። ፒካፕዋ እየተንገራገጨች ድንጋዩን ረገጠች፣ ውሃውን ሰነጠቀች፣ ማዶው ላይ አፍንጫዋን አወጣች። የፊት ጎማዋ ዳገቱን ሲይዝ የግራው የኋላ ጎማ ከውሃው ዳር ባለው ጭቃ ሰጠመና ተሽከረከረ። ቀኙ ድንጋይ ላይ ቆሞ ያየዋል። ናኦሚ ማብሪያውን ተጫነች። ቀዩ አምፖል አልበራም።

ሕሩይ ፊቱ ተለወጠ። ፊውዟ ከጂሩ ጉልበት አጠገብ ስለሆነች እንዲያይለት ለመነው። ጂሩ ጎንበስ አለ፤ ባዶውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ።

«ደህና ናት» አለ።

ሾፌር በገዛ መኪናው ይዋሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሕሩይ ችግሩ የራሱ እንደሆነ አመነ። ጫማውን አውልቆ ወረደና በጀርባው ጭቃው ውስጥ ተኝቶ ከኋላው ዘንግ ሥር ገባ። ናኦሚ የስልኳን መብራት ይዛ ተከተለችው። ከመኪናዋ ሥር መጀመሪያ ሁለት እግር፣ ቀጥሎ አራት እግር ታየ።

ጂሩ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ፊውዟን ያሻሻል። ሕሩይ እጁን ሲረግም ይሰማዋል፦ ይቺ እጅ ትቆረጥ፣ አባትሽን የማስገድልብሽ እኔ ነኝ ይላል። ናኦሚ ደግሞ ታጽናናዋለች። አይዞህ፣ እጅህ አይሳሳትም ትለዋለች። እንደዚያ ባለ ለስላሳ ድምፅ ለእሱ ከተናገረች ስንት ጊዜ ሆነ? ፊውዟ እኔ ጋ ናት ቢል በቃ፣ ያልቃል። ግን ያን ካለ ናኦሚን ያጣታል። ካላለ ደግሞ አባቷ ይሞታሉ። ሁለቱንም ያውቃል፤ አፉ ግን አልከፈት አለው። ውሃው በዚህ መሃል ከፍ እያለ የኋላውን ጎማ ይልሳል።

ከታች፣ ከወንዙ ዳር ደንገል ውስጥ፣ ከባድ እስትንፋስ ተሰማ። ደንገሉ ተከፈለ። ጉማሬ ነበረች፤ ከጀርባዋ ውሃ እያፈሰሰች ወጣች፣ ግልገሏ ከጎኗ። ወደ ግጦሽ የምትወጣበት መንገድ ላይ መኪናዋ ቆማለች። ጉማሬዋ ጆሮዋን አርገበገበች፣ አፏንም ከፈተች። ከመኪናው ሥር ያሉት አላዩዋትም።

ጂሩ ዘሎ ጋቢና ገባ። ፊውዟ ከእርጥብ ጣቱ አምልጣ ጭቃማው ምንጣፍ ላይ ወደቀች። በጉልበቱ ተንበርክኮ ዳበሰ፣ አገኛት፣ ሰካት። ማብሪያውን ተጫነ። ከኋላ «ቀጭ» አለ፤ ቀዩ በራ።

«ውጡ! ጉማሬ ናት! ከኋላ ጭነቱ ላይ ውጡ!»

ናኦሚ ሕሩይን በእጅጌው ጎትታ አወጣችው። ተያይዘው ከኋላ ጭነቱ ላይ ወደቁ። ጂሩ ነዳጅ ረገጠ። ጉማሬዋ መጥታ የኋላውን መዝጊያ በመንጋጋዋ ስትመታው ቆርቆሮው ታጠፈ፤ በዚያው ቅጽበት ሁለቱ ጎማዎች እኩል ነክሰው ፒካፕዋን ከጭቃው መነጨቋት። ፒካፕዋ እያጓራች ዳገቱን ወጣች።

ጂሩ ከፍ ካለው ሜዳ ላይ ሲያቆም ሕሩይ ከራሱ እስከ እግሩ ጭቃ ሆኖ መጥቶ የሾፌሩን በር ከፈተ።

«ፊውዟ ደህና ናት አልከኝ።»

«ኪሴ ነበረች» አለ ጂሩ።

ሕሩይ ኮሌታውን ይዞ ጎተተና ጭቃው ላይ ወረወረው። ያ ረጋ ያለ ልጅ ጡጫውን ጨብጦ ከላዩ ቆመ። ጂሩ አልተከላከለም።

«ተኝቼ የገዛ እጄን ስረግም እየሰማህ ዝም አልከኝ?»

ናኦሚ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ባሏን ቁልቁል እያየች ተናገረች፦ «ባለፈው ክረምት ዋልካ ውስጥ የቀረህ ለት በር ላይ ቆሜ ነው የነጋብኝ። ሎኩን ያስነሳሁት ሁለተኛ መንገድ ላይ እንዳትቀርብኝ ነው። በል ተነሳ፣ አባቴ እየደማ ነው።»

ጋቢናው ውስጥ ቦታ ተቀየረ። ናኦሚ መስኮቱን ይዛ ሕሩይ መሃል ገባ። ከዚህ የከፋ ቅጣት ጂሩ አያውቅም፤ ቀናተኛው ከተቀናበት ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ነዳ። ቀዩ አምፖል እንደበራ መሆኑን ማንም አላየም።

መንገዱ ድንጋያማ ተረተር ላይ ወጣና በገደል አፋፍ ወደ ግራ ታጠፈ። ጂሩ መሪውን አዞረ፤ ፒካፕዋ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እንደታሰሩ እኩል እየገፉ ወደ ገደሉ ነዷት። ፍሬኑን ሲረግጥ የፊቱ ጎማ አፋፉ ላይ ቆሞ ነበር። ጠጠሩ ወደታች ሲንኮታኮት ሰሙት።

«ሎኩን አልፈታነውም!» አለ ሕሩይ። ማብሪያውን ወደ ሌላው ጎን ተጫነ፤ አምፖሉ አልጠፋም። «ጥርሱ ተናክሷል። ትንሽ ወደ ኋላ በልላት፣ ሱታ፣ ሱታ!»

ሱታ ቀስ በል ማለት ነው። ጂሩ በሕይወቱ በመኪናው ጉዳይ የሰው ትእዛዝ ተቀብሎ አያውቅም። የኋላ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን በስሱ ለቀቀ። ፒካፕዋ ክንድ ያህል አፈገፈገች። «ቀጭ» አለና ቀዩ ጠፋ። መሪውን ሲያዞር እንደ ተገራ በቅሎ ታጠፈችለት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ጂሩ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። ሕሩይ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሱ። አባ ጉሉማ በር ላይ በቃሬዛ ተኝተው ነበር፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ጎረቤት ተረባርቦ ፍራሹ ላይ ካደረጋቸው በኋላ ጥያቄ መጣ። የተሰበረውን እግር እስከ ነቀምት በሁለት እጁ አጥብቆ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ጂሩ እንዳይይዝ አማች ነው፤ በኦሮምኛ ሶዳ። በእነ አባ ጉሉማ ቤት ሶዳ አማቱን ከሩቅ ያከብራል እንጂ ገላቸውን አይነካም፤ ጂሩም ይህን አንድ ቀን ሽሮ አያውቅም። ስለዚህ እሱ ይነዳል፣ ናኦሚና ሕሩይ ከኋላ ይይዛሉ። ለሁሉም ግልጽ ነበር።

ጂሩ በሐሳቡ የኋላ ማያ መስታወቱን አየው፤ ሁለት ራስ ጎን ለጎን፣ እስከ ነቀምት። ከዚያ ለማንም ሰጥቶት የማያውቀውን የመኪና ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለሚስቱ ዘረጋ።

«አንቺ ንጂ። ሕሩይ ሎኩን ይያዝልሽ። አባትሽን እኔ እይዛቸዋለሁ።»

ናኦሚ ቁልፉን አየች፣ እሱን አየች። ጎረቤቶቹ አጉረመረሙ። አባ ጉሉማ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው «ኮቱ፣ ሶዳ፣ ና» አሉ፤ ጂሩም ከኋላ፣ ከጭነቱ ሸራ ሥር ገብቶ እግራቸውን ያዘ።

ሲመለሱ ዝናቡ አባርቷል፤ ወንዙም ጎድሏል። ወንዙ ጋ ጉማሬዋ ግልገሏን ይዛ ሳሩ ውስጥ ገብታለች። ከጋቢናው መስኮት ጀርባ ቀዩ አምፖል በራ፤ ፒካፕዋ ሳትንሸራተት ተሻገረች፣ ደረቁን ስትይዝ አምፖሉ ጠፋ። ናኦሚ ከእሱ የተሻለ እንደነዳችው ጂሩ በሆዱ አመነ። በመስኮቱ የሁለቱ ራስ ይታየዋል። ይነጋገራሉ። ቅናቱ እዚያው ነበር፤ አልሄደም። እሱ ግን የአማቱን እግር አልለቀቀም።

«ምን ያንቀጠቅጥሃል?» አሉት አማቱ።

«ቅናት ነው፣ አባ።»

ሽማግሌው ጨፍነውት የነበረውን ዓይናቸውን ገለጡ።

«እኔስ ከዛፍ ማን የጣለኝ ይመስልሃል? ጎረቤቴ ዋንዛው ላይ ቀፎ ሰቀለ። መንጋው ወደሱ እንዳይሄድ ብዬ ከሱ በላይ ልሰቅል ወጣሁ።»

«ንቦቹስ?»

«ንቦቹማ፣ እኔ መሬት ላይ ተጋድሜ ሳቃስት፣ ታች ወደሰቀልኩት ወደ ድሮው ቀፎዬ ገቡ።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ ሕመሙ እያቋረጣቸው ሳቁ። ጂሩም ሳይወድ ተከተላቸው። የጋቢናው የኋላ መስኮት ተንሸራቶ ተከፈተ።

«ምንድነው የሚያስቃችሁ?» አለች ናኦሚ ሳትዞር።

«እናንተ ያን ቀን ከመኪናው ሥር ምን እንዳሳቃችሁ ንገሪኝና እነግርሻለሁ።»

ናኦሚ ድምፅዋን አወፍራ፣ ልክ እንደ ጂሩ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጮኸች፦

«መኪናዬን ማነው የነካው?»

ሕሩይ በሳቅ ፈነዳ። ጂሩ ራሱን ሰማ፤ ቁርጥ እሱን ነበር። ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። አስፋልቱ ላይ ወጥተው የነቀምት መብራት ከሩቅ ሲታይም ሁለት እጁ የአማቱ እግር ላይ ነበር።