ያልተፎከረበት ግዳይ

የሰንደራ ከተማ ደወል ማንም ሳይነካው ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሕዝቡ ወደ ቤተ መቅደሱ ሲሮጥ ዘበኞቹ ታርደው፣ የእሳት መስቀሉ ከመንበሩ ተሰርቆ አገኘ። እግዚኦ፣ የዚያን ቀን ለቅሶ! ጎርማድ የሚባለው አውሬ ከአመድ ተራራ እንዳይወርድ ሦስት መቶ ዓመት ያገደው ያ መስቀል ነበር። የሰረቁትም የአውሬው አሽከሮች ናቸው። መስቀሉ በሰባት ቀን ካልተመለሰ ጎርማድ ወርዶ ከተማይቱን እንደሚበላ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ንጉሥ አድያም ከዙፋናቸው ተነሥተው «ስለ አገሩ የሚሞት ማን ነው?» ቢሉ ግርማጽዮን ብድግ አለ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጎበዝ ነው፤ ጎበዝ መሆኑን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ነው።

«ጃንሆይ! ጎርማድን ካልጣልኩ እናቴ አልወለደችኝም!» ሲል ማለ።

«ልጄ፣ ቀስ በል» አሉ ከአጠገቡ የቆሙት አባ ጽጌ። ወታደር የነበሩ፣ ኋላ የመነኮሱ ሽማግሌ ናቸው፤ አሳድገው ጦር ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። «እኔም አብሬህ እወጣለሁ።»

በሰንደራ አንድ ሕግ አለ። ገዳይ ከመፎከሩ በፊት ጦሩን ወደ መሬት ዘቅዝቆ «ኃይል የእግዚአብሔር ነው» ይላል። ከዚያ እስኪበቃው ይፎክር፣ የሚከለክለው የለም። አባ ጽጌ በመንገድ ሁሉ ይህን ሲደጋግሙበት ግርማጽዮን ሰለቸው።

«አባ፣ ሕፃን አደረጉኝ እኮ!»

«ለአውሬውማ ጦር አለህ። እኔን የሚያስፈራኝ ከገደልክ በኋላ የሚመጣው ነው» አሉት።

በሦስተኛው ቀን ተራራውን ወጡ። የሰው ገላና የጅብ መንጋጋ ያላቸው የጎርማድ አሽከሮች ከየዋሻው ፈሰሱባቸው። ግርማጽዮን የመጀመሪያውን ጉሮሮውን በሳው፤ የሁለተኛውን ፊት በጋሻው ጨፈለቀው። አባ ጽጌ በሰባ ዓመታቸው ጎራዴ ሲያነሡ ማየት ነበር! ደሙ ከአመዱ ጋር ተቦክቶ እግራቸውን ያዳልጣቸው ጀመር። የመጨረሻው አሽከር ሲወድቅ ጎርማድ ራሱ ወጣ። መስቀሉ ከኋላው በአጥንት ክምር ላይ ተጥሏል።

አውሬው የግርማጽዮንን ጋሻ ለሁለት ሰነጠቀው፤ በጥፍሩም ከትከሻው ሥጋ ቦጨቀ። ልጁ ግን ከሆዱ ሥር ሾልኮ ገባና ጦሩን ልቡ ላይ ሰካው። ጎርማድ ተዘረረ። ልጁ ጦሩን ሲነቅለው የአውሬው ደም እንደ ምንጭ ፈለቀ። መሞቻው ላይ ግን ድምፁ ለሰለሰ፤ እንደ ሰው ተናገረ።

«እንዳንተ ያለ ጀግና ሦስት መቶ ዓመት አልገጠመኝም። እባክህ፣ ስምህን አሰማኝና ልሙት።»

«እንዳትመልስለት!» ብለው ጮኹ አባ ጽጌ። «መጀመሪያ ጦርህን ዘቅዝቅ!»

ወይ ልጅነት! ሦስት ቃል ብቻ ነበር የቀረው። ግርማጽዮን ግን ጦሩን ወደ ሰማይ ሰብቆ፣ «ዘራፍ! እኔ ግርማጽዮን! በገዛ ክንዴ ጣልኩት፣ ማንም አላገዘኝ!» አለ።

ይህን እንዳለ የአውሬው ቁስል ገጠመ። ለካ የጎርማድ ሕይወት የገዳዮቹ ትዕቢት ኖሯል! የአጥንቱ ክምር የማን እንደሆነም ግርማጽዮን ያን ጊዜ ገባው፤ ከእሱ በፊት እዚያው ቆመው የፎከሩት ሁሉ አጥንት ነው።

ጎርማድ አፉን ከፍቶ ተወረወረበት። አባ ጽጌ መሐል ገቡ። ጎራዴያቸውን መንጋጋው ውስጥ አቁመው በገዛ ገላቸው ከፍተው ያዙት። ጥርሱ ወገባቸው ውስጥ ሲገባ የአጥንታቸው ስብራት ተሰማ።

«ልጄ፣ አሁን... ዘቅዝቅና ውጋ!»

ግርማጽዮን ጦሩን ዘቀዘቀ። እያለቀሰ «ኃይል የእግዚአብሔር ነው» አለ። ከዚያም በተከፈተው ጉሮሮ ወጋው። ጎርማድ ዳግመኛ አልተነሣም። አባ ጽጌም አልተነሡም።

በስድስተኛው ቀን መስቀሉን በደረቱ አቅፎ፣ የአባ ጽጌን ሬሳ በበቅሎ ጭኖ ሰንደራ ደረሰ። ንጉሡ የአንበሳ ጎፈር ይዘው ደጅ ወጡ። ሕዝቡ «ፎክር! ፎክር!» እያለ ጮኸ።

ያየ የለም። አውሬው ሞቷል፤ አባ ጽጌም ሞተዋል። አንድ ጊዜ አፉን ቢከፍት ስሙ ከነገሥታቱ ጋር ይጠራል። እውነቱን ልናገር፣ አማረው። ያ የለሰለሰ ድምፅ አሁን ከገዛ ሆዱ የሚመጣ መሰለው። በበቅሎዋ ላይ የተንጠለጠለውን የሽማግሌውን እጅ አየና ጦሩን በንጉሡ ፊት ዘቀዘቀ።

«ኃይል የእግዚአብሔር ነው። ጎርማድን የገደሉት አባ ጽጌ ናቸው።»

ንጉሡ ግራ ገባቸው። «አንተስ? አንተ ማንን ገደልክ?»

«አባ ጽጌን፣ ጃንሆይ። እሳቸውን በትዕቢቴ የገደልኩ እኔ ነኝ።»

ንጉሥ አድያም ጎፈሩን በሬሳው ላይ አለበሱት። ግርማጽዮን መስቀሉን ለካህናቱ ሰጥቶ፣ ትከሻው እየደማ መቃብሩን ብቻውን ቆፈረ። የዚያን ቀን በሰንደራ የፎከረ የለም።