ከብረቱ ክፍል የወጣው ሰው

መንፈስ ምናምን ሲባል ከሰው ሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ ኢንጂነር ነኛ፣ መሣሪያ ያላነበበውን አላምንም፣ ጉዱም የመጣው በዚያው በመሣሪያው ነው። ሞባይል በናይሮቢ በየሰዉ እጅ መግባት በጀመረበት ሰሞን፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ ከጓደኛዬ ከተስፋዬ ጋር ለአንድ ድርጅት ላቦራቶሪ እንሠራ ነበር፣ ዕቃ ላይ የሚያርፈው የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ የሚለካበት ክፍል። ግድግዳው ብረት፣ ውስጡ ጥቁር ስፖንጅ፣ በሩ ከተዘጋ ኔትወርክ የለ፣ ድምፅ የለ፣ እመነኝ፣ የገዛ ደምህ ሲሄድ ይሰማሃል። ሰው ሲገባ አካሉ ሞገዱን ስለሚውጥ ውጭ ያለው ስክሪን ላይ መስመሩ ይወርዳል፣ ባዶ ሲሆን ተመልሶ ከፍ ይላል፣ በቃ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልናስረክብ ስንፈትሽ፣ ማንም ሳይገባ መስመሩ ወረደ። ገመድ ቀየርን፣ በሩን ከፍተን ዘጋን፣ ያው ነው። ከዚያ ብረቱ ከውስጥ በጥፍር ሲፋቅ ሰማን፣ ድምፅ ከማያስወጣ ክፍል!

«አይጥ ገብታ ነው፣ ቆይ ልያት» አለ ተስፋዬ እየሳቀ።

ገባ፣ ዘጋሁበት። የመፋቁ ድምፅ ቆመ። መስመሩም ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣና ቀጥ አለ። ወዳጄ፣ ሰው ውስጥ ቆሞ መሣሪያው ባዶ ነው አለኝ!

በሩን በርግጄ ስከፍት ጀርባውን ሰጥቶኝ መሃል ላይ ቆሟል፣ «ተስፍሽ! ተስፍሽ!» ብዬ ደጋግሜ ጠርቼው ነው የዞረው።

«አይጥ የለም» አለ፣ «ስክሪኑ ምን አለ?»

«ባዶ ነው አለ።»

አልሳቀም፣ አልገረመውም፣ ጃኬቱን አንሥቶ ወደ ሰፈሩ ወደ ካሳራኒ በሚሄድ፣ እዚያ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፈረ። ሰኞ ስንለካ ሁሉም ደህና ነበር፣ እሱ ግን ብለምነውም ድጋሚ አልገባም አለ፣ ሥራውንም ተረከቡን።

ከወራት በኋላ የተስፋዬ ባለቤት ሰናይት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለው ቤቴ መጣች፣ ከስታለች፣ የሰጠኋትን ሻይ አልነካችውም።

«ተስፋዬ አሞታል እንዴ?» አልኳት።

«ይበላል፣ ሥራ ይሄዳል፣ በስሜ ይጠራኛል» አለች፣ «ግን አጠገቤ ተኝቶ እያየሁት፣ እጄን ስዘረጋ አልጋው ቀዝቃዛ ነው፣ ሰው ተኝቶበት የማያውቅ። ወንድሜ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ከዚያ ክፍል ያወጣኸው ማንን ነው?»

ወዲያው ከውጭ ድምፅ ሰማን፣ ተስፋዬ ነው፣ ሊወስዳት ታክሲ ይዞ መጥቶ፣ ረጋ ብሎ ሁለታችንንም በየስማችን ይጠራል። ሰናይት ዓይኔን እያየች ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና ወጣች፣ እኔም አላስቀረኋት፣ ምን ብዬ? ባሏ ነው።